የጥር ሥላሴን በናርጋ፦ ከጎንደር ወደ ደቅ ደሴት የተደረገ የስድስት ቀን ጉዞ (የጉዳይ ጥናት)

በጎንደር ከተማ በየወሩ በ7 የሚሰበሰብ አንድ የሥላሴ ማኅበር የጥር ሥላሴን ጣና ውስጥ፣ ደቅ ደሴት ላይ ባለችው ናርጋ ሥላሴ ለማክበር አሰበ። ተጓዦቹ 11 ናቸው፤ 5 ሴቶችና 6 ወንዶች። ሁለቱ ከ65 ዓመት በላይ ሲሆኑ ዋና የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። የማኅበሩ ሙሴ (ሰብሳቢው) በአንድ ገጽ ያሰፈሩት የመጀመሪያ ዕቅድ እንዲህ ይላል፦ ጥር 6 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከጎንደር መነሣት፤ በሐይቁ ሰሜን ዳርቻ ባለችው ጎርጎራ አንድ ጀልባ መከራየት፤ ለማታው ናርጋ መግባት፤ ጥር 7 አክብሮ በማግስቱ ዳጋ እስጢፋኖስን ተሳልሞ መመለስ። ቤንዚን 50 ሊትር።

ከዚህ ዕቅድ ሳይነካ የቀረው በዓሉ የሚውልበት ቀን ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ የተቀየረበት ምክንያት ከጎንደር ወደ ደሴቶቹ ለሚሄድ ለማንም ስለሚሠራ በዝርዝር ማየቱ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ዕቅድ ዋና ጉድለት ሐይቁን በመኪና መንገድ ልማድ ማሰቡ ነበር። በመኪና ዘግይቶ የተነሣ ዘግይቶ ይደርሳል። በጣና ላይ ዘግይቶ የተነሣ ግን ነፋስ መሐል ይገባል።

ቦታው

የጣና ሐይቅ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ 14 ሜትር አካባቢ ነው። የተፈጠረውም ከደቡብ በኩል የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ዐለት የዓባይን መውጫ ስለዘጋው ነው። ደቅም የእሳተ ገሞራ ደሴት ናት። ከጎኗ ያለችው ትንሿ ዳጋ ደግሞ ከውኃው 100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ሾጣጣ ጉብታ ናት።

ይህ ለመንገደኛ የራሱ ትርጉም አለው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ማዕበሉ ቶሎ ይነሣል፤ ማዕበሉም አጭርና ቀጥ ያለ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን በተደጋጋሚ ይመታል። በደሴቱ ዙሪያ ጀልባ የሚያስጠጋ አሸዋ እንደ ልብ አይገኝም፤ ያለው ጥቁር የባዛልት ቋጥኝ ነው። ውኃው የሚልሰው ክፍል ያሙለጨልጫል፤ ደረቁ ክፍል ደግሞ ቀዳዳ ቀዳዳና ሻካራ ስለሆነ ባዶ እግርን ይቧጥጣል። አፈሩ ሥር ድንጋይ ስላለ የድንኳን ካስማ አይገባም። ስለዚህ ካስማውን ትቶ ተጨማሪ ገመድ መያዝና ድንኳኑን ከድንጋይ ጋር ማሰር ይሻላል። ማኅበሩ ለሦስት ድንኳን 40 ሜትር ገመድ ይዟል።

ቀኑና ሰዓቱ

ጉዞውን ሁለት በዓላት ከፊትና ከኋላ ይዘውታል። ጥር 7 ሥላሴ ናርጋ መገኘት ግድ ነው። ጥር 10 ከተራ ደግሞ ጎንደሬ ከከተማው አይጠፋም፤ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ቤቱ እንግዳ የሌለበት ሰው የለም። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል አንድ ባዶ ቀን ካልተተወ ጉዞው በሐይቁ ጠባይ ላይ ቁማር ይሆናል። የመጨረሻው ዕቅድ ጥር 9ን ባዶ አድርጎ አስቀመጠው።

ከጎንደር ጎርጎራ በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት በኩል 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋት 2 ሰዓት የተነሣ መኪና መንገድ ላይ ቁርስና ፍተሻ ሲጨመርበት 5 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ጀልባ እስኪጫን 6 ሰዓት ይሆናል። ነፋሱ የሚበረታውም በዚያው ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ዙሪያውን ያለውን መሬት ከውኃው ቀድማ ስለምታሞቅ ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ አየሩ ይነቃነቃል፤ ከሰዓት በኋላም ይብሳል። ከጎርጎራ ናርጋ በግምት 35 ኪሎ ሜትር ነው። የተጫነ ጀልባ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ሁለት ሰዓት ተኩል አይሞላውም። ንጋት 12፡45 የተነሣ ከ3 ሰዓት ተኩል በፊት ይደርሳል ማለት ነው። እኩለ ቀን የተነሣ ግን ያንኑ መንገድ በአራት ሰዓትም ላይጨርስ ይችላል፤ ቢጨርስም ተሳፋሪው በሙሉ በስብሶ ነው።

ስለዚህ ጥር 4 ከሰዓት 7 ሰዓት ከጎንደር ወጥቶ ጎርጎራ ማደርና ጥር 5 ንጋት ሐይቁን መሻገር ተመረጠ። ለአንድ ሌሊት ማደሪያ መክፈል ያልተወደደ ወጪ ነበር፤ ሙሴውም ተከራክረውበታል። ቀደም ብሎ መድረስ ግን የጎርጎራዋን የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ረጋ ብሎ ለማየት፣ ከሁሉም በላይ ጀልባዎቹን በቀን ብርሃን ለመፈተሽ ጊዜ ይሰጣል።

በባሕር ዳርና በጎርጎራ መካከል የሚመላለሰው ትልቁ መርከብ ደቅን ይነካል፤ ከትንሽ ጀልባም ይልቅ ለአረጋውያን ይመቻል። የሚመጣበት ቀን ከሥላሴ ጋር ስላልገጠመ ተተወ። ቀኑ የሚገጥምለት ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ።

ጀልባ፣ ሞተር፣ ቤንዚን

በአንድ ጀልባ ለመሄድ የታሰበው ለቁጠባ ነበር። ክብደቱ ሲሰላ ግን አልሆነም። 11 ተጓዥ፣ አንድ ነጂና አንድ ረዳት ተደምረው 13 ሰው ነው፤ በ70 ኪሎ ሲታሰብ 910 ኪሎ ይሆናል። ስንቅ፣ ድንኳን፣ ውኃና ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ 300 ኪሎ ያህል ነው። ቤንዚኑ ሲጨመር 1,250 ኪሎ ያህል ይሆናል። በዚህ ጭነት የጀልባዋ ከንፈር ውኃውን ሊነካ ይቀርባል። ሞተሩ አንድ ስለሆነ ቢቆምም ጎታች የለም። ባለ 25 የፈረስ ጉልበት ሞተር ያላቸው ሁለት ጀልባዎች ተያዙ፤ በአንዱ ስድስት፣ በሌላው አምስት ሰው። ሁለቱ ጀልባዎች ከዓይን እንዳይራራቁም ተስማሙ።

የቤንዚኑ ስሌት በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል፤ ብዙ ጉዞ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። ዋጋው በየጊዜው ይቀያየራል፤ ሊትሩ ግን ያው ስለሆነ በብር ሳይሆን በሊትር ማቀድ ይሻላል። ሁለቱም ጀልባዎች ሲሄዱና ሲመለሱ 70 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። አንዱ ጀልባ ደግሞ ደቅን ዞሮ ዳጋ ደርሶ ይመለሳል፤ ይህ በግምት 24 ኪሎ ሜትር ነው። የመጀመሪያው ዕቅድ ይህንን ጨርሶ ረስቶታል። እንግዲህ አንዱ 94፣ ሌላው 70 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲታሰብ 6 ሰዓት ከሩብና 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። ባለ 25ቱ ሞተር በልከኛ ፍጥነት በሰዓት 9 ሊትር ይጠጣል ተብሎ 56 እና 42፣ በድምሩ 98 ሊትር። በዚህ ላይ ግማሹ፣ 49 ሊትር፣ መጠባበቂያ ተጨምሮ ወደ 150 ተጠጋ። የተያዘው 20 ሊትር የሚይዙ 8 ጀሪካኖች፣ 160 ሊትር ነው። ደሴቱ ላይ ማደያ የለም፤ ከሌላ ጀልባ ቢገኝም ሻጩ በጠራው ዋጋ ነው።

በጀሪካን ለመቅዳት ማደያዎች የፈቃድ ደብዳቤ ስለሚጠይቁ ደብዳቤው ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት ማለቅ አለበት። በመነሻው ቀን የሚሞከር ነገር አይደለም።

ሞተሮቹ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚገባላቸው ቱ ስትሮክ ናቸው። ልኩ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው፤ ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ፣ ለአንድ ጀሪካን 400 ሚሊ። በዓይን ግምት የሚያፈስ ነጂ ብዙ ነው። ዘይቱ ሲበዛ ካንዴላው ይጠቁርና ሞተሩ ያስላል፤ ሲያንስ ፒስተኑ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)፤ ያ ደግሞ ሐይቅ ላይ የሚጠገን አይደለም። ግማሽ ሊትር የሚይዝ የውኃ ላስቲክ 400 ሚሊው ላይ በእስክሪቢቶ ተሰምሮበት እንደ መለኪያ ተይዟል። ለየሞተሩ ሁለት ካንዴላ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ሦስት የፕሮፔለር ፒን፣ ፒንሳና 15 ሜትር መጎተቻ ገመድ ተቀምጧል።

የሕይወት ጃኬት 15 ያስፈልጋል፤ ለ11ዱ ተጓዥና ለ4ቱ ጀልበኞች። ነጂዎቹ የለመዱ ስለሆኑ አይለብሱም። ያም ሆኖ ነጂው ውኃ ውስጥ ከወደቀ የተቀሩት ሞተር ማስነሣት አይችሉም። ጃኬቶቹ ጎርጎራ ላይ አንድ በአንድ ተለብሰው ሲፈተሹ ሦስቱ ማሰሪያቸው የተበጠሰ ሆኖ ተገኝቶ ተቀይሯል። ቀድሞ ማደር የጠቀመው እንዲህ ላለው ነው።

ዳጋና ናርጋ

ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባበትም፤ ደሴቱን መርገጥም አይፈቀድም። ናርጋ ሥላሴ ግን ለሁሉም ክፍት ናት። ይህን ሁሉም የማኅበሩ አባል ያውቃል፤ ዕቅዱ ላይ ግን ሴቶቹ በዚያ ሰዓት የት እንደሚቆዩ አልተጻፈም። የመጀመሪያው ወረቀት ዳጋን በመመለሻው መንገድ ላይ አድርጎ ስለነበር አምስቱ ሴቶች ጀልባ ላይ፣ ፀሐይና ነፋስ ላይ ተቀምጠው ሊጠብቁ ነበር። ተሻሽሎ ዳጋ ወደ ጥር 6 ጠዋት መጣ፤ ወንዶቹ በአንድ ጀልባ ሄደው ሲመለሱ ሴቶቹ ናርጋ ይቆያሉ።

ይህም ለማንም ጉዳት አልሆነም። ናርጋ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናት፤ በጎንደር ቁስቋምን ያሠሩትም እሳቸው ናቸው። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር እቴጌይቱ ተደፍተው ይታያሉ። ሥዕሎቹን ረጋ ብሎ ለማየት ከበዓሉ ሕዝብ በፊት ያለው ጠዋት የተሻለ ጊዜ የለውም። በዳጋ በኩል ደግሞ ጎንደርን የቆረቆሩት የዐፄ ፋሲል ዐፅም ከዐፄ ዳዊት፣ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ከሌሎች ነገሥታት ጋር በዕቃ ቤት ተቀምጧል። ዕቃ ቤቱ የሚከፈተው በገዳሙ አባቶች ፈቃድ ነው፤ ከሀገረ ስብከት የተጻፈ ደብዳቤ መያዝ ብዙ ልመናን ያስቀራል።

ስንቅ፣ ውኃ፣ ጤና

ደቅ ላይ ሆቴል የለም። ስንቁ የታሰበው ለ11 ሰው ነበር፤ አራቱ ጀልበኞች ተረስተው ነበር። በ15 ሰው ተሰልቶ 135 እንጀራ፣ 4 ኪሎ ሽሮ፣ 6 ኪሎ በሶ፣ 5 ኪሎ ቆሎ፣ 3 ሊትር ዘይትና ድርቆሽ ተያዘ። በሐይቁ እርጥበት እንጀራ ከሦስተኛው ቀን አያልፍም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ድርቆሽና በሶ ነው፤ የባዶው ቀን ስንቅም እሱው ነበር። በገዳም ዙሪያ ያለ ዛፍ አይቆረጥም፤ ስለዚህ 15 ኪሎ ከሰል። የቡናው ዕቃ ሳይጻፍም ቀድሞ ተጭኖ ተገኝቷል፤ ከዝርዝሩ የወደቀው የመጥበሻው ከሰል ነበር።

የመጠጥ ውኃ በሰው በቀን 3 ሊትር ቢባል ለ15 ሰው ለአራት ቀን 180 ሊትር፣ ማለትም 180 ኪሎ ነው። ይህን መጫን ሁለት ሰው ተኩል እንደ መጨመር ስለሆነ 60 ሊትር ብቻ ተይዞ የቀረው ከሐይቁ ተቀድቶ፣ በነጠላ ተጣርቶና ፈልቶ እንዲጠጣ ተወሰነ።

ጣና ቢልሃርዚያ አለበት። ትሉ ከቀንድ አውጣዎቹ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በበረታችበት እኩለ ቀን ሲሆን፣ የሚበዛውም ሣር ባለበት ጥልቀት የለሽ ዳርቻ ነው። ከጀልባ ሲወረድ ውኃ ውስጥ ገብቶ መሄድ የተለመደ በመሆኑ 2 ሜትር ተኩል ሳንቃ ተይዞ ከጀልባው አፍንጫ ወደ ቋጥኙ ተዘረጋ። ለአረጋውያኑም የረዳው ይኸው ሳንቃ ነው። ውኃ የነካው ሰው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ሰገራውን ቢያስመረምር ጥሩ ነው፤ ቢገኝበት በፕራዚኳንቴል ይድናል። ደንቢያ የወባ አገር ስለሆነ ለጎርጎራው አዳር አጎበር አስፈላጊ ነው። ጉማሬ ማታ ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣል፤ ድንኳን ሣሩ የተረገጠበትና ወደ ውኃው የሚያወርድ መንገድ ላይ አይተከልም።

የተጓዦች ስም ዝርዝር በሦስት ቅጂ ተጽፎ አንዱ ወደቡ ላይ፣ አንዱ ጎንደር ከቀረ ቤተሰብ ዘንድ፣ አንዱ በጀልባ ነበር። መታወቂያ የሌለው ሰው አልተሳፈረም። የመንገዱ ሰላም በዋዜማውና በመነሻው ጠዋት ሁለቴ ተጠይቋል፤ የትናንት መልስ ለዛሬ ስለማያገለግል።

እንዴት ተፈጸመ

ጥር 5 ዓርብ ነበር፤ አብዛኛው ሰው ጾሙን ይዞ ባዶ ሆዱን ተሳፈረ። ባዶ ሆድ ከማዕበል ጋር አይስማማምና አረጋውያኑ ከመሐል ወደ ኋላ ባለው መቀመጫ ተደረጉ፤ የጀልባ አፍንጫ የበለጠ ይዘላል።

ከወደቡ ገና 300 ሜትር ሳይርቁ ሁለተኛው ጀልባ ቆመ። የሰሜኑ ዳርቻ እምቦጭ ይበዛበታል። የእምቦጭ ሥር ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሞ የማቀዝቀዣውን ውኃ መሳቢያ ወንፊት ደፍኖ ነበር። ይህን የሚናገረው ምልክት አንድ ነው፤ ከሞተሩ ጎን ሁልጊዜ የምትፈሰው፣ የእርሳስ ውፍረት ያላት ቀጭን የውኃ ጅረት። እሷ ስትሳሳ ወይም ስትቆም ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ እንኳ ቢነዳ የውኃ ፓምፑ ጎማ ይቃጠላል። ረዳቱ ጅረቷን እንዲጠብቅ ተመድቦ ስለነበር ቶሎ አየ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ወደ ላይ ተነሥቶ፣ ሥሩ በቢላዋ ተቆርጦ፣ ወንፊቱ በሽቦ ተጠርጎ ከ25 ደቂቃ በኋላ ቀጠሉ። በ3፡40 ናርጋ ነበሩ። ቋጥኙ ጋ ሲደርሱ ነጂዎቹ ሞተሩን ወደ ላይ አንሥተው በመግፊያ እንጨት ተጠጉ፤ በሞተር የተጠጋ ፕሮፔለሩን ድንጋይ ላይ ይሰብራል።

ጥር 6 ወንዶቹ ዳጋ ደርሰው በ4፡40 ተመለሱ። አንደኛው አረጋዊ አቀበቱን ሳይወጡ ታች ከረዳቱ ጋር ቀርተዋል። በዓሉ በሰላም ተከበረ፤ ማኅበሩም ዝክሩን እዚያው አወጣ።

ጥር 8 ሰኞ ንጋት ከዳር ሲታይ ውኃው ነጭ አረፋ ይዞ ነበር። ከዳር ሆኖ አረፋ ከታየ መሐሉ የባሰ ነው፤ የትንሽ ጀልባ ሕግ አለመነሣት ነው። ማክሰኞ ሥራ የሚገባ አንድ አባል ነበርና ነጂውን ያዘው፤ «ባለፈው ከዚህ በባሰ ሄዳችኋል አይደል?» አለው። ነጂው አልተቆጣም። «ጋሼ፣ እኔማ እሄዳለሁ፤ ዋና እችላለሁ። እነ እማማን ግን ማን ይይዝልኛል?» ክርክሩ በዚያው አለቀ። የቀረው በሶና ድርቆሽ ተበላ፤ ውኃም እንደ ገና ተፈላ። ማክሰኞ ጥር 9 ሐይቁ ተኝቶ ነበር። ከረፋዱ 3፡30 ጎርጎራ፣ 7 ሰዓት ላይ ጎንደር ገቡ፤ ለከተራ አንድ ሌሊት ተርፏቸዋል።

ከተያዘው 160 ሊትር 118ቱ አልቋል፤ ይኸውም ከ98ቱ ስሌት 20 ከመቶ ይበልጣል። ልዩነቱን የፈጠሩት ጭነቱ፣ የእምቦጩ መቆምና መነሣት፣ እንዲሁም ዳርቻ ላይ በዝግታ መጠጋጋቱ ናቸው። ቀጥሎ የሚያቅድ ሰው ያንን 20 ከመቶ ስሌቱ ውስጥ አስገብቶ መጠባበቂያውን ከዚያ በላይ ይጨምር። ሁለት ጀሪካን ሳይከፈቱ ተመልሰዋል። ዘይቱ ለየብቻው ተይዞ እያንዳንዱ ጀሪካን ሊገባ ሲል ብቻ ስለተቀላቀለ፣ የተረፈው 40 ሊትር ንጹሕ ቤንዚን ነበርና ወደ ጎንደር የመለሳቸው ሚኒባስ ገዝቶታል። አስቀድሞ ቢቀላቀል ኖሮ ከጀልበኞቹ በቀር የሚወስደው አይገኝም ነበር።